አጥንትና የደም ስኳር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አጥንት የደም ስኳርን ይቆጣጠራል የሚል ነገር በቴሌግራምና በዩቲዩብ እየዞረ ነው። ከኋላው እውነተኛ ሳይንስ አለ። ከፊቱ ደግሞ ክኒን ሻጭ ቆሟል። ስኳር ያለበት ሰውና ቤተሰቡ ሁለቱን መለየት እንዲችሉ፣ በብዛት የሚመጡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አጥንት ሆርሞን ያመነጫል ሲባል ምን ማለት ነው? ሰውነትን ደግፎ ከማቆም ሌላ ሥራ አለው እንዴ?

አለው። አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው። ደም ይገባበታል፣ ነርቭ አለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈርስና ሲሠራ ይኖራል። አዋቂ ሰው ላይ በየዓመቱ ከጠቅላላ አጥንቱ 10 በመቶ ያህሉ ይታደሳል። አንዱ የሴል ዓይነት ያረጀውን አጥንት አሲድ እያፈሰሰ ይሸረሽራል፣ ሌላው ከኋላ እየተከተለ አዲሱን ይሠራል። ይህ ሥራ ብዙ ጉልበት ይፈጃል፤ ስለዚህ አጥንት ከቆሽት፣ ከጡንቻና ከስብ ጋር ስለ ጉልበት መልእክት ቢለዋወጥ አይገርምም። መልእክቱ የሚሄደው በሆርሞን ነው። ሆርሞን ማለት አንዱ አካል ሠርቶ ደም ውስጥ የሚለቀው፣ ራቅ ያለ ሌላ አካል ጋ ደርሶ ሥራ የሚያሠራ ነገር ነው።

አጥንት ሆርሞን ማመንጨቱ ራሱ ዛሬ አያከራክርም። ኤፍጂኤፍ 23 የሚባለው ከአጥንት ወጥቶ ኩላሊትን ፎስፌት እንዲያስወግድ ያዛል፣ ይህ በሰውም የተረጋገጠ ነው። ክርክሩ ያለው ስኳር ላይ ነው።

ስሙ የሚነሳው ኦስቲዮካልሲን ምንድን ነው? ስኳርን እንዴት ይነካል?

ኦስቲዮካልሲን አጥንት የሚሠሩት ሴሎች የሚያመርቱት ትንሽ ፕሮቲን ነው። ሰው ላይ 49 አሚኖ አሲዶች ብቻ ናቸው ያሉት። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይታወቃል፣ ለረጅም ጊዜ ግን የሚታየው የአጥንት ሥራ ምን ያህል እንደሚፈጥን መለኪያ ተደርጎ ብቻ ነበር።

ይህ ፕሮቲን ሁለት መልክ አለው። ቫይታሚን ኬ ሲኖር ሦስት ቦታው ላይ ለውጥ ይደረግበታል፣ ያን ጊዜ ካልሲየም አጥብቆ ይይዛል፣ አጥንቱ ላይ ተጣብቆ እዚያው ይቀራል። ለውጡ ያልተሟላለት ግን በደንብ አይጣበቅም፣ ወደ ደም ይገባል። ሆርሞን ነው የሚባለው ይኸኛው ነው፤ ከዚህ በኋላ ነፃው ኦስቲዮካልሲን እያልን እንቀጥል።

አይጦች ላይ የተገኘው ታሪክ እንዲህ ይሄዳል። ነፃው ኦስቲዮካልሲን ቆሽት ጋ ሲደርስ ኢንሱሊን አምራቾቹ ቤታ ሴሎች እንዲባዙና ብዙ ኢንሱሊን እንዲለቁ ያደርጋል። ጡንቻና ስብም ለኢንሱሊን ቶሎ እንዲታዘዙ ያግዛል። የሚገርመው የመልሱ መንገድ ነው፦ ኢንሱሊን ራሱ አጥንት ገንቢ ሴሎችን ይነካል፣ እነሱ አፍራሾቹን ያነሳሳሉ፣ አፍራሾቹ የሚያፈሱት አሲድ ደግሞ አጥንት ላይ የተጣበቀውን ኦስቲዮካልሲን ፈትቶ ወደ ደም ይለቀዋል፣ እሱ ተመልሶ ቆሽትን ኢንሱሊን ጨምር ይለዋል። ቆሽት ለአጥንት፣ አጥንት ለቆሽት። ሐሳቡ እውነትም ውብ ነው፣ ብዙ ሰው የተማረከበትም ለዚህ ነው።

ይህን ማን አገኘው?

ከስሙ ጋር በጣም የተያያዘው ኒውዮርክ ውስጥ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ጄራርድ ካርሰንቲ ነው። እሱና ባልደረቦቹ በ1996 ኦስቲዮካልሲን የሌላቸው አይጦች ፈጠሩ፣ አጥንታቸው ላይ ምን እንደሚደርስ ለማየት። አይጦቹ ግን ከአጥንቱ ሌላ ሆዳቸው አካባቢ ስብ የበዛባቸው ሆኑ። ያንን ፍንጭ ተከትለው በ2007 ትልቁን ጥናት አወጡ፦ ኦስቲዮካልሲን የሌላቸው አይጦች ደም ስኳራቸው ከፍ ያለ፣ ቤታ ሴላቸው ያነሰ፣ ለኢንሱሊን የማይታዘዙ ሆነው ተገኙ። በ2010 ደግሞ ከላይ ያየነው የመልስ መንገድ፣ ኢንሱሊን አጥንትን የሚነካበት፣ በሁለት የተለያዩ ቡድኖች በአንድ ጊዜ ታተመ።

ሰው ላይስ ተረጋግጧል?

አልተረጋገጠም። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ሻጮቹ ዘለው የሚያልፉት ይህንን ነው።

ብዙ ጥናቶች ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ኦስቲዮካልሲን ዝቅ ብሎ አግኝተዋል። ይህ እውነት ነው። ግን ማን ማንን አመጣው? ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል የአጥንት ሥራን ራሱ ያዘገየዋል፣ አጥንት ሥራው ሲዘገይ ኦስቲዮካልሲን ይቀንሳል። ስለዚህ የኦስቲዮካልሲኑ ማነስ የስኳሩ መንስኤ ሳይሆን ውጤቱ ሊሆን ይችላል። ሁለት ነገር አብሮ ስለታየ ብቻ አንዱ ሌላውን ወለደው አይባልም።

ሌላው፣ አይጥ ሰው አይደለም። አይጥ የኦስቲዮካልሲን ጂን ሦስት ነው ያለው፣ ሰው አንድ። በ2007ቱ ጥናት ትልቅ ቦታ የነበረው ኢኤስፒ የሚባል ሌላ ጂን አለ፣ እሱ ሲጠፋ አይጦቹ ከውፍረትና ከስኳር ይጠበቁ ነበር። ሰው ላይ ያ ጂን የማይሠራ፣ የሞተ ጂን ነው።

ከዚያ 2020 መጣ። አንዱ አሜሪካ፣ ሌላው ጃፓን ያሉ ሁለት ቡድኖች ኦስቲዮካልሲን የሌላቸውን አይጦች እንደ አዲስ ፈጠሩ። ደም ስኳራቸውን ለኩ። ጤነኛ ነው። የካርሰንቲ ቡድን ልዩነቱ ከአይጦቹ ዘር፣ ከምግባቸው ወይም ከአያያዛቸው ሊመጣ ይችላል ይላል፣ ሌሎቹ ደግሞ ዋናው ሐሳብ ራሱ ይመርመር ይላሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ የማምነው ይህ ነው፦ አጥንት ስለ ጉልበት ከቀሪው ሰውነት ጋር መልእክት ይለዋወጣል፣ ኦስቲዮካልሲን ብቻውን የሰውን ስኳር ይዘውራል የሚለው ግን እስካሁን ማስረጃው አይሸከመውም።

ከኦስቲዮካልሲን ሌላ ስኳርን የሚነካ የአጥንት ሆርሞን አለ?

ሊፖካሊን 2 የሚባል አለ። በ2017 እዚያው ኮሎምቢያ ያለ ሌላ ቡድን፣ በስታቭሩላ ኩስቴኒ የሚመራ፣ አጥንት ይህን ሆርሞን ምግብ ከተበላ በኋላ እንደሚለቅና አንጎል ደርሶ የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ አይጦች ላይ አሳየ። ስክለሮስቲንም አለ፤ አጥንት ውስጥ ተቀብረው ከሚኖሩት ሴሎች ይወጣል፣ ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ሁለቱም ገና ምርምር ላይ ናቸው። ለስኳር ሕክምና የሚሆን መድኃኒት ከአንዳቸውም አልወጣም።

ኦስቲዮካልሲኔን ላቦራቶሪ ልመርመር?

ለስኳር ብላችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። ቁጥሩ ከሌሊት እስከ ቀን ይለዋወጣል፣ የኩላሊት ድካም ከፍ ያደርገዋል፣ ናሙናው በአግባቡ ካልተያዘ ይበላሻል። ውጤቱን አይቶ ሐኪም የሚቀይረው የስኳር ሕክምና የለም። ያንን ገንዘብ ለሦስት ወሩ የስኳር አማካይ ምርመራ፣ ለኩላሊትና ለዓይን ምርመራ አውሉት።

የአጥንት መረቅ ብጠጣ ኦስቲዮካልሲን አገኛለሁ?

አታገኙም። ኦስቲዮካልሲን ፕሮቲን ነው፣ ሲቀቀል ቅርጹን ያጣል፣ የቀረውን ደግሞ ሆድ እንደማንኛውም ሥጋ ይፈጨዋል። ኢንሱሊን በክኒን የማይሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ሆድ ስለሚፈጨው። መረቁ ከጣማችሁ ጠጡ፣ ጨውና ስቡን ብቻ ተጠንቀቁ፣ በተለይ ግፊት ካለባችሁ። መድኃኒታችሁን ግን በመረቅ አትተኩ።

ቫይታሚን ኬ2 ክኒን ለስኳር ይሸጣል። ልግዛ?

እስቲ ነገሩን እናስበው። የአይጦቹ ታሪክ ልክ ከሆነ ቫይታሚን ኬ ኦስቲዮካልሲንን አጥንት ላይ ያጣብቃል፣ ነፃውን ይቀንሳል፣ ስለዚህ ስኳርን ማባባስ ነበረበት። ሻጩ ግን በዚያው ታሪክ ተንተርሶ ስኳር ያወርዳል ብሎ ይሸጣል! ሰዎች ላይ ሲሞከር ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነገር ታየ፦ ስኳር የሌለባቸው አረጋውያን ለሦስት ዓመት በቀን 500 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኬ1፣ ማለትም ሌላውን የቫይታሚን ኬ ዓይነት፣ ወሰዱ። ወንዶቹ ላይ የኢንሱሊን አለመታዘዝ ትንሽ ቀነሰ፣ ሴቶቹ ላይ ምንም ለውጥ አልታየም። ከዚህ ተነስቶ ለስኳር በሽተኛ ክኒን መሸጥ ሕክምና አይባልም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የምትወስዱ ሰዎች፣ በአገራችን በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ገብቶላቸው ይህን መድኃኒት የሚወስዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው፣ ቫይታሚን ኬ ክኒን በራሳችሁ ፈቃድ እንዳትነኩ። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመከላከል ስለሆነ ክኒኑ መድኃኒቱን ያከሽፈዋል፣ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል።

ጎመንስ?

ጎመን በቫይታሚን ኬ በጣም ሀብታም ነው። ስኳር ላለበት ሰው ጥሩ ምግብ ነው፣ ስኳሩ ትንሽ፣ አሰሩ ብዙ። ዋርፋሪን የሚወስድም ሰው ጎመን አይከለከልም። መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት ተመሳሳይ ይሁን። ከርሞ ከርሞ ጾም ሲገባ በአንዴ በየቀኑ መብላት ነው ችግር የሚያመጣው፤ እንዲህ ዓይነት ለውጥ ካለ ለሐኪሙ ቀድሞ መንገር ነው።

ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት ታዞልኛል። ኦስቲዮካልሲን ስለሚቀንስ ስኳሬን ያመጣብኛል?

ጥያቄው ብልህ ነው፣ ምክንያቱም እንደ አሌንድሮኔት ያሉት መድኃኒቶች የአጥንት መፍረስን ስለሚያቆሙ ኦስቲዮካልሲንን በእርግጥ ይቀንሳሉ። ቲዎሪው ለሰው ከሠራ እነዚህን የሚወስዱ ሴቶች ስኳር ሊይዛቸው ይገባ ነበር። ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈተሹት። በሦስት ትልልቅ ሙከራዎች፣ አሌንድሮኔት፣ ዞሌድሮኒክ አሲድና ዴኖሱማብ የወሰዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች መረጃ በ2013 አንድ ላይ ታየ። የጾም ስኳራቸውም ክብደታቸውም ትርጉም ያለው ለውጥ አላሳየም፣ በስኳር የተያዙትም ከሌሎቹ አልበዙም። ስለዚህ ሳትፈሩ ውሰዱ። ስለ ኦስቲዮካልሲንና ስለ ሰው ካሉን ማስረጃዎች ሁሉ እኔ ከፍ ያለ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው።

በተቃራኒው፣ ስኳር አጥንትን ይጎዳል?

አዎ፣ በደንብ። ሰው ሁሉ ስለ ሆርሞኑ ሲያወራ ይህኛው ይረሳል፣ በእውነት ያሳዝናል። ስኳር ዓይን፣ ኩላሊት፣ እግርና ልብ እንደሚጎዳ ሁላችንም እንሰማለን። አጥንትን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው የዳሌ አጥንቱ የመሰበር ዕድል ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ኢንሱሊን አጥንትን ይገነባል፣ እነሱ ደግሞ ብዙዎቹ አጥንታቸው ገና ሳይጠና በልጅነት ነው ኢንሱሊን ያጡት። ዓይነት 2 ላይ ነገሩ ያሳስታል። የአጥንት ጥግግት ሲለካ ጤነኛ ነው፣ አንዳንዴም ከጤነኛ ሰው ይበልጣል፣ እንዲያም ሆኖ ይሰበራል። ለምን ቢባል፣ ጥግግት ብዛትን እንጂ ጥራትን አይነግርም። ደም ውስጥ የበዛው ስኳር አጥንትን እንደ ጅማት አስሮ የያዘውን ኮላጅን ላይ ይጣበቅና ያደርቀዋል፣ መለጠጥ ያሳጣዋል። የእድሳቱ ሥራም ስለዘገየ ጥቃቅን ስንጥቆች ሳይጠገኑ ይከማቻሉ።

ከዚያ መውደቅ ይጨመርበታል። እግሩ የደነዘዘ፣ ዓይኑ የደከመ፣ ስኳሩ ሌሊት የሚወርድበት ሰው ከሌላው በላይ ይወድቃል። ስለዚህ የአጥንት ልኬት ውጤት "ኖርማል" ሲል ዓይነት 2 ያለበት ሰው ሙሉ በሙሉ መረጋጋት የለበትም።

የምወስደው የስኳር መድኃኒት አጥንቴን ይጎዳል?

አብዛኛው አይጎዳም። ሜትፎርሚን ለአጥንት ችግር የለውም። ፒዮግሊታዞን ግን በተለይ ሴቶች ላይ ስብራት ይጨምራል፤ መቅኒ ውስጥ ያሉት እናት ሴሎች አጥንት ገንቢ መሆናቸው ቀርቶ ወደ ስብ ሴልነት እንዲያዘነብሉ ያደርጋል። አጥንቷ የሳሳ ሴት ይህ ከታዘዘላት ሐኪሟን ሌላ አማራጭ እንዳለ ትጠይቅ። ካናግሊፍሎዚን በአንድ ትልቅ ጥናት ስብራት ጨምሮ ታይቷል። ኢንሱሊንና ግሊበንክላማይድ አጥንቱን በቀጥታ አይነኩም፣ ስኳር ከልክ በላይ ሲያወርዱ ግን ሰው ይጥላሉ። ማናችሁም ይህን አንብባችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳር ራሱ ለአጥንት የባሰ ነው።

ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ስወስድ ስኳሬ ለምን ያሻቅባል?

ዋናው ምክንያት ጉበት ስኳር እንዲያመርት ስለሚገፉ፣ ጡንቻም ለኢንሱሊን እንዳይታዘዝ ስለሚያደርጉ ነው። አጥንት ገንቢ ሴሎችንም ይገድላሉ፣ ኦስቲዮካልሲንን በፍጥነት ያወርዳሉ። አይጦች ላይ ኦስቲዮካልሲኑ ሲመለስላቸው የስኳሩ ችግር ቀለል ብሏል። ሰው ላይ ይህ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ አልታወቀም፣ ጉዳቱ ግን ሁለቱንም ወገን ይነካል፤ ስኳርም ይጨምራል፣ አጥንትም ይሳሳል። በአስም፣ በመገጣጠሚያ ወይም በቆዳ ሕመም ምክንያት ለወራት የምትወስዱ ከሆነ ሁለቱም እንዲታዩላችሁ ጠይቁ። ለወገብ ሕመም ተብሎ ደጋግሞ የሚወጋ መርፌ ካለም ውስጡ ከእነዚህ አንዱ እንዳለበት ማወቅ መብታችሁ ነው። ረጅም ጊዜ የወሰዱትን በድንገት ማቆም ደግሞ አደገኛ ነው።

እንቅስቃሴ አጥንትንም ስኳርንም ይጠቅማል የሚባለው በኦስቲዮካልሲን ነው?

አይጦች ላይ በ2016 የወጣ ጥናት ሲሮጡ ኦስቲዮካልሲናቸው እንደሚጨምርና ጡንቻቸው ስኳርና ስብ እንዲያቃጥል እንደሚረዳ አሳይቷል። ግን ያ ባይሆንም እንቅስቃሴው ይሠራል፦ ጡንቻ ሲኮማተር ያለ ኢንሱሊንም ስኳር ከደም ይስባል፣ ውጤቱም አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። አጥንት ደግሞ ጭነት ሲሰማው ይጠነክራል። ስለዚህ ከመዋኘትና ከብስክሌት ይልቅ እግር መሬት የሚረግጥበት እንቅስቃሴ ለአጥንት ይሻላል፤ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ደረጃ መውጣት፣ ክብደት ማንሳት። በሳምንት 150 ደቂቃ እርምጃና ሁለት ሦስት ቀን ጡንቻ ማሠራት የተለመደው ምክር ነው። እግራችሁ የደነዘዘ ከሆነ ጫማችሁን ፈትሹ፣ በየቀኑ እግራችሁን እዩ።

ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ብወስድ ስኳሬ ይወርዳል?

ለስኳር ብላችሁ አትውሰዱ። በ2019 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ሙከራ፣ ወደ ስኳር እየተጠጉ ያሉ 2,423 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ በቀን 4,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ሰጠ። ስኳር እንዳይዛቸው በግልጽ አልከለከለም። ለአጥንት ግን እጥረት ካለ መሟላት አለበት። አውሮፓ ወይም ሰሜን አሜሪካ ክረምቱን ከቤት የማትወጡ፣ ዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራችሁ ፀሐይ ሳታዩ የምትውሉ፣ ልብሳችሁ መላ ሰውነት የሚሸፍን፣ እጥረት ሊኖርባችሁ ስለሚችል ተመርመሩ። ካልሲየም ከምግብ ይቅደም። በጾም ወራት ወተት ሲቀር ጎመን፣ ሰሊጥና ጤፍ አሉ፤ ጤፉ በእንጀራ መልክ ስኳርም ስለሚጨምር መጠኑን ያዙ።

እናቴ 70 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። የአጥንት ልኬት ማሽን ያለው ሩቅ ነው። ምን እናድርግ?

ከማሽኑ በፊት ብዙ የሚደረግ አለ። ዓይኗ ይታይ። ሌሊት ወደ መጸዳጃ የምትሄድበት መንገድ ብርሃን ይኑረው፣ የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሳ፣ ተረከዟን የሚይዝ ጫማ ታድርግ። ጠዋት ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ራስ ምታት ይዟት የምትነሳ ከሆነ ስኳሯ ሌሊት እየወረደ ሊሆን ይችላል፣ መጠኑ ይስተካከል። ምግብ እየዘለለች፣ ወይም እየጾመች ግሊበንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የምትወስድ ከሆነ ይህ የግድ ለሐኪሟ ይነገር። ቁመቷ ቀንሶ እንደሆነ፣ ጀርባዋ እየጎበጠ እንደሆነ አስተውሉ፤ የጀርባ አጥንት ሳይታወቅ ሊሰበር ይችላል፣ ተራ ራጅ ያሳየዋል።

ደግሞ አስታውሱ፣ ካለፉት ዓመታት ቆማ ሳለች ወድቃ ዳሌዋ ወይም የጀርባ አጥንቷ ተሰብሮ ከነበረ፣ ያ ብቻውን የአጥንት መሳሳት አለባት ለማለት ይበቃል። ማሽን ሳይጠበቅ ሕክምና ሊጀመርላት ይችላል። ለስኳር ክትትል ስትሄዱ ይህን ራሳችሁ አንሱት፣ ካልተነሳ ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቃችሁም።